ማኅበረሰባዊ አካታችነት ምንድን ነው?

ስለ አካታችነት ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው በር ላይ ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ልጁን ተቀበለው፣ መሥሪያ ቤቱ ሴትየዋን ቀጠራት፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ልጁ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ሴትየዋ ስብሰባ ላይ ሐሳቧን ትጠየቅ አትጠየቅ የሚከታተል የለም። ዋናው ጉዳይ ያለው ግን እዚያ ነው።

ማኅበረሰባዊ አካታችነት ማለት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው እንደማንኛውም ሰው በሰዎች መሀል ሲኖር፣ ሲማር፣ ሲሠራ፣ ሲያመልክ፣ ሲዝናና፣ ለዚህ የሚሆነውን እገዛ ሲያገኝ፣ ስለ ራሱ ሕይወት ደግሞ ራሱ ሲወስን ነው። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ብዙዎቻችን የምንዘላት እሷን ነው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከልጅነት የሚጀምር ሁኔታ ነው። አዲስ ነገር ለመማር፣ ገንዘብ ለመያዝ፣ ሰዓት ለመጠበቅ፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ከሌላው የበለጠ ጊዜና እገዛ ይጠይቃል። ዳውን ሲንድረም የሚባለው፣ ሰው አብሮት የሚወለደው የዘረመል ሁኔታ፣ አንዱ ምክንያት ነው፣ በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም የኦክስጅን እጥረትም ሊያመጣው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ መንስኤው ጨርሶ አይታወቅም። የአእምሮ ሕመም አይደለም። ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል፤ አንዱ ብቻውን ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ሌላው ለመብላትም የሰው እጅ ያስፈልገዋል። አካታችነት ሁለቱንም ይመለከታል፤ «እሱ እንኳ ከበድ ይላል፣ ይቅርበት» የሚባልለት ሰው የለም።

ነገሩ ከየት መጣ? ለረጅም ዘመን በብዙ አገሮች እነዚህ ሰዎች ወደ ትልልቅ ተቋማት ይላኩ ነበር፤ ቤተሰብም ይህን እንዲያደርግ በሐኪም ጭምር ይመከር ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ የሚባለው ተቋም ለ4,000 ሰው ተሠርቶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 6,000 ገደማ ሰው ታጭቆበት ነበር። በ1972 ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘው ገቡና ራቁታቸውን ወለል ላይ የተኮለኮሉ ልጆችን ሕዝብ በቴሌቪዥን አየ። ያም ሆኖ ተቋሙ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ1987 ነው። 15 ዓመት!

ከፍርድ ቤት ታሪኮች ደግሞ የሎይስ ከርቲስና የኢሌን ዊልሰን መታወቅ አለበት። ሁለቱም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረባቸው፣ የአእምሮ ሕመምም ነበረባቸው፤ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐኪሞቻቸው ውጭ ሆነው እገዛ እየተደረገላቸው መኖር ይችላሉ ቢሉም መውጣት አልቻሉም። ከሰሱ። ጁን 22 ቀን 1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቂ ምክንያት ሳይኖር ሰውን ከማኅበረሰቡ ነጥሎ ማቆየት አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። ከርቲስ ከዚያ በኋላ በሠዓሊነታቸው ታወቁ፤ በ2011 ዋይት ሐውስ ሄደው ሥዕላቸውን ለፕሬዚዳንት ኦባማ ሰጥተዋል። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 ማንኛውም አካል ጉዳተኛ የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችም በዚህ ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ይላል። ቤት ውስጥስ?

ቤት ውስጥ ያለው ትልቁ እንቅፋት ብዙውን ጊዜ ፍቅር ነው። ይህን የምለው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። «እኔ ስሞት ማን ያያታል?» ብላ ሌሊቱን ሙሉ የምትገላበጥ እናት ልጇን ከቤት ባታስወጣ፣ ብር ባታስይዝ፣ ልብሷን ራሷ ብትመርጥላት ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ያ ፍርሃት ራሱ መልሱን ይዟል። እናትየው ስትሞት ልጅቷን የሚያውቃት፣ ስትጠፋ «የት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ሰው ሲበድላት አይቶ የሚጮህላት ማን ነው? ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጓደኛ ነው። ቤት ተዘግቶባት ያደገች ሴት ደግሞ እነዚህ አይኖሯትም። በደልም ሆነ ጥቃት በቀላሉ የሚደበቀው ማንም በማያይበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከሰው መራቅ ጥበቃ ይመስላል እንጂ ጥበቃ አይደለም።

ውሳኔ ላይ ደግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ካልገባውስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ነገር ብቻውን አይገባውም። ታዲያ ለእኛስ የባንክ ብድር ውል ብቻችንን ይገባናል? ሰው እንጠይቃለን፣ የሚያውቅ ወዳጅ ያስረዳናል፣ ከዚያ ራሳችን እንፈርማለን። በድጋፍ መወሰን የሚባለው ይኸው ነው። ሰውየው የሚያምናቸውን ሰዎች ይመርጣል፤ እነሱ ነገሩን በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሥዕል፣ ቦታው ድረስ ወስደው በማሳየት ያስረዱታል፤ ውሳኔው ግን የእሱ ነው። መናገር የማይችል ሰው እንኳ ምርጫውን በፊቱ፣ በእጁ፣ አንድን ነገር በመግፋት ያሳያል፤ ለዓመታት አብሮት የኖረ ሰው ይህን ያነባል። ስሕተትም ይኖራል። የማይረባ ጫማ ይገዛ ይሆናል፣ የማይሆን ጓደኛ ይይዝ ይሆናል፤ ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው።

ትንሽ የምትመስል ግን እኔን የምታንገበግበኝ ነገር አለች። የአርባ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን ሲያናግሩት፣ ጉንጩ ሲቆነጠር፣ ለሌላው እኩያው «እርስዎ» የሚል ሰው እሱን «አንተ ማሙሽ» ሲለው መስማት። ሐኪም ቤትም ሱቅም ጥያቄው አብሮት ለመጣው ሰው ነው የሚቀርበው። እሱን ጠይቁት። መልስ እስኪሰጥ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዝምታው ይረዝምባችሁ ይሆናል፣ ግን አትሙሉለት።

ሥራ ላይም የተፈተነ መንገድ አለ። መጀመሪያ ለብቻ በተለየ ማዕከል ዓመታት አሠልጥኖ «ገና ነው» ከማለት፣ ትክክለኛው ሥራ ላይ አስገብቶ እዚያው ማሠልጠን። አንድ አሠልጣኝ አብሮ ይገባል፣ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ ያሳያል፣ ሰውየው እየቻለ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይወጣል። ደመወዙ እውነተኛ ደመወዝ መሆን አለበት፤ «ይዋልበት» ተብሎ በነጻ ማሠራት ብዝበዛ ነው።

ለመብት መሟገትን በተመለከተ ከሁሉ በፊት መናገር ያለባቸው ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ1974 በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች «ፒፕል ፈርስት» የሚለውን ንቅናቄ ጀመሩ፤ ከሁሉ በፊት ሰው መሆናችን ይታወቅልን ነው ያሉት። የወላጆችና የባለሙያዎች ድምፅ ያስፈልጋል፣ ግን የእነሱን ድምፅ አይተካም። ስለዚህ ስብሰባ ስታዘጋጁ ጋብዟቸው፣ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት፣ እርስ በርስ እንዲደፋፈሩ። አጀንዳው በቀላል ቋንቋ ተጽፎ ቀደም ብሎ ይድረሳቸው። እረፍት አብዙ። ያልገባው ሰው እጁን አውጥቶ ማስቆም እንደሚችል መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ለሌላው ተናጋሪ አበል የሚከፈል ከሆነም ለእነሱ እኩል ይከፈል።