ቦክስ ቱ ቦክስ አማካይ ምንድን ነው? ብዙ የሚሮጠው አይደለም

ቅዳሜ ማታ ጅማ ውስጥ የትኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሳያልቅ ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ "የአርሰናሉ ራይስ ቦክስ ቱ ቦክስ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ አታዩም?" ይላል። ሌላው "ታዲያ ጎሉ የታለ?" ብሎ ያፋጥጠዋል። ሦስተኛው የሪያል ማድሪዱን ቫልቬርዴን ይጠራል፦ ቀኝ ተከላካይ ሲሉት ይሰለፋል፣ ክንፍ ሲሉት ይሰለፋል፣ መሐል ሲሉት ይሰለፋል፤ "ከዚህ በላይ ቦክስ ቱ ቦክስ ከየት ይምጣ?" ሦስቱም በአንድ ስም ስለ ሦስት የተለያየ ነገር ስለሚከራከሩ እስኪነጋ ቢቆዩም አይግባቡም። ደጋፊ ቢሳሳት ምንም አይደለም፣ ኳሱን ሊዝናናበት ነው የመጣው። የሚያናድደው ማይክ የያዘ ተንታኝ "ይህ ልጅ 12 ኪሎ ሜትር ሮጧል፣ የለየለት ቦክስ ቱ ቦክስ ነው" ብሎ ሲደመድም ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የመሐል አማካይ ሆኖ፣ ቡድኑ ኳስ ሲያጣ ወርዶ ከተከላካዮቹ ጋር የራሱን ሳጥን (ቦክሱን፣ ማለትም የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን) የሚዘጋ፣ ቡድኑ ሲያጠቃ ደግሞ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ ወይም አፋፉ ላይ በሰዓቱ የሚደርስ ተጫዋች ነው። በ4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ብዙውን ጊዜ ስምንት ቁጥሩ ነው፤ በ4-4-2 ከሁለቱ አማካዮች አንዱ። ስድስት ቁጥር ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ ነው፣ አሥር ቁጥር ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወተው፣ ስምንት ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው።

ቫልቬርዴን የጠራው ሰው ያነሳው ሁለገብነትን ነው። ሁለገብ ተጫዋች አሠልጣኙ ሰው ሲጎድልበት ቦታ የሚሞላበት ነው። ጀምስ ሚልነር እ.ኤ.አ. በ2016/17 ሊቨርፑል ውስጥ የውድድር ዓመቱን በግራ ተከላካይነት አሳልፎታል፤ በዚያ ዓመት ቦክስ ቱ ቦክስ አልነበረም፣ ሁለገብ ነበር። ቫልቬርዴ ሁለቱንም አጣምሯል፤ ቢሆንም ቦክስ ቱ ቦክስ የሚያሰኘው መሐል ላይ ሲሰለፍ የሚሠራው ሥራ እንጂ ቀኝ ተከላካይ መሆን መቻሉ አይደለም።

አሁን ወደ ኪሎ ሜትሩ እንምጣ፣ ችግሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 ሜትር ይረዝማል። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ከግብ መስመሩ 16.5 ሜትር ወደ ሜዳ ይገባል፤ የሁለቱን ወገን ስትቀንሱ ከሳጥን ጫፍ እስከ ሳጥን ጫፍ 72 ሜትር ይቀራል። በሰከንድ 7 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ተጫዋች ይህን በ10 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። ደርሶ መልሱ 144 ሜትር ነው። ቡድኑ በጨዋታው 40 ጊዜ ቢያጠቃና ልጁ 40 ጊዜ ሄዶ ቢመለስ 5,760 ሜትር በዚያ ፍጥነት ሊሮጥ ነው። ይህን የሚችል ሳንባ የለም። በትልልቆቹ ሊጎች አንድ የመሐል አማካይ ሙሉ ጨዋታ ሲጫወት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከዚያ ውስጥ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጠው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ቀሪው እርምጃ፣ ሶምሶማና መካከለኛ ሩጫ ነው።

ስለዚህ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ዘጠና ደቂቃ የሚመላለስ ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ያለው የትኛውን ሩጫ እንደሚሮጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛውን እንደሚተው የሚመርጥ ሰው ነው። 12 ኪሎ ሜትሩ ይህን ምርጫ አያሳይም። የመሐል አማካይ በቦታው ምክንያት ብቻ ከሁሉም ተጫዋቾች በላይ ይሮጣል፤ ኳስ ባለችበት ሁሉ ያለ ዓላማ የሚያባርርም 12 ይሞላል።

ጅማ መርካቶ ተራ ይዘው የሚሠሩ ባጃጆችን አስቡ። ጂሬን ዳገቱ ላይ ተሳፋሪ አይጠፋም ብሎ ባዶውን የሚወጣ ሹፌር ቤንዚኑን ፈጅቶ ባዶውን ይወርዳል። ማታ ቆጣሪው ብዙ ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ኪሱን ፈትሹት። ጎበዙ ሹፌር የሚወጣው የሚያደርሰው ሰው ሲኖር ነው፣ ሲመለስም ባዶ እንዳይወርድ አስልቶ። ይህ ብቻ አይደለም። ተራው ላይ ያሉት ባጃጆች ሁሉ ተያይዘው ጂሬን ቢወጡ መርካቶ የቆመው ሰው በምን ይሄዳል? ሁለቱም አማካዮች አብረው ሲወጡ የሚፈጠረው ይኸው ነው፤ መሐሉ ወና ይሆናል፣ ተጋጣሚም በመልሶ ማጥቃት የሚገባው በዚያ ነው። ተራ አስከባሪው ስድስት ቁጥሩ ነው፦ አንተ ውጣ፣ አንተ ቆይ። ንጽጽሩ የማይሠራው ቤንዚኑ ላይ ነው። ባጃጁ ማደያ ተሰልፎ ይሞላል፤ ተጫዋች ግን 72 ሜትር በፍጥነት ወጥቶ ከተመለሰ ወዲያው ልድገመው ቢል እግሩ እሺ አይለውም። የእሱ ማደያ መቆም ነው። ቆሞ ስታዩት "ሰነፈ" አትበሉ።

አሁን "ጎሉ የታለ?" ላለው። እንዲህ የሚል ሰው ሁልጊዜ የቀድሞውን የቼልሲ አማካይ ላምፓርድን ያመጣል። እውነት ነው፣ ላምፓርድ በፕሪምየር ሊግ 177 ጎል አስቆጥሯል፣ ለአማካይ የማይታመን ቁጥር ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ተከላካይ አማካዩ ማኬሌሌ ቼልሲ ከገባ በኋላ ላምፓርድ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ከኋላው ማን እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል። ላምፓርድ ዘግይቶ ሳጥን የመግባት ችሎታው የራሱ ነው፤ ያለ ስጋት የመግባት ነጻነቱ ግን ግማሹ የማኬሌሌ ነው። የሊቨርፑሉን ጀራርድን ተመልከቱ። አሠልጣኙ ቤኒቴዝ በ2005/06 አዘውትሮ ወደ ቀኝ አወጣው፣ በኋላም አሎንሶንና ማሼራኖን መሐል አቁሞ ከአጥቂው ቶሬስ ጀርባ አጫወተው። ብዙ ደጋፊ ያኔ "እንዴት ቦክስ ቱ ቦክሱን ከቦታው ያነሳዋል?" ብሎ ተቆጥቷል። አሠልጣኙ ግን ማጥቃቱን ፈልጎ፣ መሐሉ ክፍት መቅረቱን አልፈለገም። እንግሊዝ ደግሞ ላምፓርድንና ጀራርድን ጎን ለጎን አሰልፋ ለማስማማት ዓመታት ደክማ አልሆነላትም። ሁለቱም መውጣት ያውቃሉ፤ ማን ይቁም የሚለው አልተመለሰም። ሁለት ድንቅ ስምንት ቁጥሮች ሲደመሩ አንድ ጥሩ መሐል ሜዳ አይወጣቸውም።

የጎሉን ክርክር የተወ ሰው ወደ ንጥቂያ ቁጥር ይዞራል፣ ያም ሌላ ወጥመድ ነው። አማካዩ ካንቴ ቡድኑ ሌስተር በ2015/16 ሻምፒዮን ሲሆን 175 ጊዜ ኳስ ነጥቆ ሊጉን መርቷል። አስደናቂ ነው። ግን ሌስተር በዚያ ዓመት ከተጋጣሚዎቹ ያነሰ ጊዜ ኳስ ይዞ፣ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት የሚጫወት ቡድን ነበር። ኳስ የሌለው ቡድን የሚነጠቅ ኳስ ብዙ አለው። ሒሳቡን በምሳሌ ልሥራው። ኳስ በሜዳ ላይ የምትንቀሳቀሰው 57 ደቂቃ ነው እንበል። ቡድንህ 65 በመቶውን ከያዘ ተጋጣሚው ኳስ የያዘው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ 40 በመቶ ብቻ ከያዘ ተጋጣሚው 34 ደቂቃ ያህል ይዟል። ሁለቱም አማካዮች አራት አራት ጊዜ ነጥቀው ቢወጡ፣ ተጋጣሚ ኳስ በያዘበት በየ10 ደቂቃው የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 1.2 ገደማ ነጥቋል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሥራው ግን እኩል አይደለም። ደግሞ መዘንጋት የሌለበት፣ ተንሸራትቶ መንጠቅ ብዙ ጊዜ የዘገየ ሰው መድኃኒት ነው። በሰዓቱ ቦታው ላይ የቆመ አማካይ ፓሱን ገና ሳይጀመር ያስቀረዋል፤ ያልተሞከረ ፓስ ደግሞ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

ለአጥቂ ነገሩ ቀላል ነው። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ የኦኪኪ አፎላቢ ጎሎች እስከ ዛሬ ይቆጠራሉ፤ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበርና። የዚያን ዓመት አማካዮች ስንት ጊዜ ሳይወጡ ቆመው ቡድኑን እንዳዳኑ የቆጠረ አለ?

መቁጠር ይቻላል፣ ግን በዓይን ነው። አንድ ተጫዋች ምረጡና 15 ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተሉ፤ ኳሷን እርሷት። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው፣ ቡድኑ በመስመር በኩል ሲያጠቃ የት እንዳለ ጻፉ፦ ሳጥን ውስጥ፣ ከግቡ 20 እና 25 ሜትር መካከል ሁለተኛ ኳስ እየጠበቀ፣ ወይስ ከኋላ ሽፋን እየሰጠ። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ቦክስ ቱ ቦክስ አይደለም። በሁለተኛው፣ ቡድኑ ኳስ ባጣ በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ምን እንዳደረገ፦ ኳሱ ላይ ጫና ፈጠረ፣ ወደ ራሱ ግብ ሮጠ፣ ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን አየ። ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ እሱ ሲወጣ ማን ቀረ? እዚህ ዓምድ ላይ "ማንም" የሚል መልስ ከሁለት ጊዜ በላይ ከመጣ፣ ጎል ባይገባም አሠልጣኙ እያላበው ነው። ይህን በቴሌቪዥን መሥራት ያስቸግራል፤ ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ልጃችሁ ግማሹን ጊዜ ከማያ ገጹ ውጭ ነው። ስታዲየም ገብታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብትቀመጡ ይሻላል።

ስለ መለኪያዎቹም አንድ ማሳሰቢያ ይግባ፣ ባትጠይቁኝም። በተጫዋቾች ጀርባ ላይ የሚታሰረው የጂፒኤስ መሣሪያና በስታዲየም ካሜራ የሚሠራው መለኪያ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም፤ "ፈጣን ሩጫ" የሚጀምርበትን ፍጥነትም ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አያስቀምጡትም። የአንዱን ሊግ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር በቁና የሰፈሩትን በኪሎ ከመዘኑት ጋር ማስተያየት ነው። በዚህ ላይ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ያለች፣ ዝናብም የሚበዛባት ከተማ ናት። ከቆላ የመጣ አማካይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጣን ሩጫ ከደገመ በኋላ ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በጭቃ ሜዳ ላይም ያው 72 ሜትር ሌላ 72 ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ቁጥሩ ቢወርድ ልጁን አትክሰሱት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ይህ የተሳሳተ ሐሳብ ወደ ልምምድ ሜዳ ሲወርድ ነው። "ቦክስ ቱ ቦክስ ላደርግህ ነው" ተብሎ ሜዳውን 20 ዙር የሚዞር ታዳጊ አለ። በአንድ ፍጥነት መዞር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን አቅም በቅጡ አይገነባም፤ ምርጫውንማ ጨርሶ አያስተምርም። የሚሻለው ይህ ነው። 50 በ40 ሜትር ሜዳ ከልሉ፣ ስድስት ለስድስት አጫውቱ፣ በየቡድኑ ሁለት አማካይ ሰይሙ። ሕጉ፦ ሁለቱም አማካዮች ከመሐል መስመሩ አልፈው ሳሉ ኳስ ተነጥቆ ጎል ከገባ፣ ጎሉ እንደ ሁለት ይቆጠራል። 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 3 ደቂቃ ቀላል እንቅስቃሴ፣ አራት ዙር። ጨዋታው የልብ ምትን ከከፍተኛው መጠን 90 በመቶ አካባቢ ካላደረሰ ሜዳውን አስፉት ወይም ኳስ ሲወጣ ቶሎ ሌላ ኳስ ጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለተኛው ዙር ነው፤ ልጆቹ ቅጣቱን ፈርተው ሁለቱም ኋላ ይቀራሉ። ያኔ ሌላ ሕግ ጨምሩ፦ ግብ ሲመታ ከሁለቱ አንዱ ከመሐል መስመሩ ካላለፈ ጎሉ አይቆጠርም። አሁን መነጋገር ይጀምራሉ፣ የተፈለገውም እሱ ነው። ለታዳጊዎች በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ በተከታታይ ቀናት አታድርጉት፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በፈጣን ሩጫ ላይ ነው።

ወደ ራይስ ልመለስ፣ ክርክሩ የተጀመረው በእሱ ነውና። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2023 ሲገዛው 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በተጨማሪም በውጤት ላይ የተመሠረተ 5 ሚሊዮን ተስማምቷል። መጀመሪያ አካባቢ አዘውትሮ ስድስት ቁጥር ነበር፤ ከኋላው ፓርቴ ሲሰለፍ ወደ ግራ ስምንት ቁጥርነት ተገፋ፣ ሳጥን መድረስም አበዛ። ሰውየው ያው ነው፣ ሳንባውም ያው ነው። የተለወጠው ከኋላው የሚቆመው ሰው ነው። "ራይስ ይሻላል ወይስ ቤሊንግሃም?" ብሎ አጠገባቸው ማን እንደተሰለፈ ለማይናገር ሰው የሚሰጥ መልስ የለኝም።

አምስት ቅያሪ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ዘጠና ደቂቃ መጨረስ ብቻውን መመዘኛ መሆኑ ቀርቷል። አሠልጣኙ 65ኛው ደቂቃ ላይ ቢያወጣው ውድቀት አይደለም። የድካሙን ምልክት ግን ብዙ ሰው በተቃራኒው ያነባል። የደከመ ቦክስ ቱ ቦክስ መውጣት አያቆምም፤ ወደ ፊት መሮጥ ጎል ስላለበት እግር አይከብደውም። የሚያቆመው መመለስ ነው። መጀመሪያ መመለሱ በሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ይመለሳል፣ ከዚያ ከኋላ ሆኖ ማልያ ይጎትትና ቢጫ ያያል። ያ ቢጫ ሲመጣ ቅያሪው አምስት ደቂቃ ዘግይቷል ማለት ነው።