የስደት ሙዚየም ምንድን ነው?

ሙዚየም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዘውድ፣ ጋሻና የብራና መጽሐፍ ነው። ያረጀ ዕቃ፣ በተለይ ደግሞ የትልቅ ሰው ዕቃ። የስደት ሙዚየም የሚሰበስበው ሌላ ነው። ተራ ሰው አገሩን ሲለቅ ያንጠለጠለው ሻንጣ፣ የመርከብ ቲኬቱ፣ ለእናቱ የላከው ደብዳቤ፣ የተባረረበት ወረቀት፣ በድምፅ የተቀዳ ታሪኩ። እነዚህን ደርድሮ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል፦ "እኛ" የምንባለው እነማን ነን?

መንግሥታት ገንዘብ የሚያፈሱበትም፣ ምሁራን የሚጣሉበትም ለዚህ ጥያቄ ሲሉ ነው እንጂ ለሻንጣው ብለው አይደለም።

በጣም የታወቀው ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለው የኤሊስ ደሴት ሙዚየም ነው። (የውጭ አገሩን ዓመት በእነሱ፣ የአገራችንን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ደሴቱ ከ1892 እስከ 1954 የስደተኞች መቀበያ ነበር። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አልፎበታል። በ1990 ሙዚየም ሆነ። ታሪኩ ግልጽ ነው፤ ሁላችንም ከሌላ ቦታ መጣን፣ ተመዝግበን ገባን፣ ሠርተን አሜሪካዊ ሆንን። ደስ ይላል። ግን ሁሉንም ሰው አይይዝም። ቀድመው እዚያው የነበሩት ሕዝቦች ከየትም አልመጡም። በሰንሰለት ታስረው የመጡት አፍሪካውያንም በዚያ በር አልገቡም። ሙዚየሙ ራሱ ይህ ገብቶት ኋላ ላይ ከ1892 በፊትና ከ1954 በኋላ ያለውን የሚያሳዩ ክፍሎች ጨምሯል።

በሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ፣ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ፣ ኤንጀል የሚባል ደሴት አለ። እዚያ ደግሞ ከ1910 እስከ 1940 ብዙ ቻይናውያን ለሳምንታትና ለወራት ታጉረው ይመረመሩ ነበር። ቻይናውያን እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ስለነበር ነው። ሰዎቹ ሆድ ሲብሳቸው በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ቀረጹ። ሕንፃው ሊፈርስ ሲል፣ በ1970፣ ግጥሞቹ ታዩና ግድግዳው ተረፈ። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት ለሙዚቃችን ላዋጣው ለወሎ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው የፓሪሱ ነው። ሕንፃው የተሠራው በ1931 ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶቿን ለዓለም ላሳየችበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ነው። ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ የአፍሪካና የእስያ ሰዎች የምድራቸውን ምርት ለፈረንሳይ ሲያቀርቡ ተቀርጾ ይታያል። መጀመሪያ የቅኝ ግዛት ሙዚየም ነበር። ኋላ የአፍሪካና የኦሺኒያ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። በ2007 ደግሞ የስደት ታሪክ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እስኪ አስቡት። የልጅ ልጆቹ "እናንተም ፈረንሳዮች ናችሁ" የሚባሉት አያቶቻቸው ተሸክመው በተቀረጹበት ቤት ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት አዲሱ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ የስደትንና የብሔራዊ ማንነትን ጉዳይ አንድ ላይ የያዘ ሚኒስቴር አቋቋሙ። ሁለቱን በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ማጣመር ስደተኛን የማንነት አደጋ ማስመሰል ነው ብለው፣ ከሙዚየሙ ጋር ይሠሩ የነበሩ 8 የታሪክ ምሁራን ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ሙዚየሙም ያለ ፕሬዚዳንት ምርቃት በሩን ከፈተ። በይፋ የመረቁት ሳርኮዚን የተኩት ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ኦላንድ ናቸው፣ ያውም በ2014 መጨረሻ። 7 ዓመት ሙሉ ሪባን ሳይቆረጥ ማለት ነው።

በመሃል፣ በ2010፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ገብተው ሕንፃውን ያዙት። ለወራት አልወጡም። የሚፈልጉት ወረቀት ነበር። የድሮው ስደተኛ ሻንጣ በመስታወት ውስጥ ተከብሮ ተቀምጧል፤ የዛሬው ስደተኛ እዚያው ወለል ላይ ያድራል። የስደት ሙዚየም ፈተና ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ስደት ካለፈ በኋላ ሁሉም ያከብረዋል።

ያም ሆኖ ከፓሪስ አንድ ነገር መቅዳት ይቻላል። ቤተሰቦች ዕቃቸውን ከነታሪኩ በስጦታ የሚሰጡበት ክፍል ከፍቶ ነበር። ዕቃው ብቻውን ምንም አይደለም፤ ባለቤቱ የነገረው ታሪክ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

ጀርመኖች ደግሞ በወጡት ነው የጀመሩት። ብሬመርሃፈን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ አዲሱ ዓለም የተሳፈረበት ወደብ ነው። በ2005 የተከፈተው ሙዚየም ለጎብኚው የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እሱም የአንድ እውነተኛ ተጓዥ ታሪክ እየተከተለ ይዞራል። በ2012 ወደ ጀርመን የገቡትን የሚያሳይ ክፍል ተጨመረ። አያቶቹ ረሃብና ድህነት ገፍቷቸው እንደተሰደዱ ያየ ሰው፣ ለቱርክ ጎረቤቱ ፊቱን አያጠቁርም ከሚል ተስፋ ይመስለኛል።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ የስደት ታሪክ በሙዚየም አልተናገረችም ማለት አይቻልም። ትናገራለች፣ ግን በጣም የድሮውን። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ አለች። ቱሪዝማችን "ምድረ ቀደምት" የሚል መፈክር ይዟል። የሰው ዘር ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን ሞላ እያልን እንኮራለን። ስደት ከሆነ ከዚህ የበለጠ ስደት የለም! ባለፈው ወር በባቲ ከተማ በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጥቶ ድምፁ ስለጠፋው ልጅ ግን የሚናገር ክፍል የለም። (በነገራችን ላይ ዛሬ በአፋር ክልል ያለችው ሐዳር፣ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ስትገኝ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ወሎዬ ናት ብሎ መከራከር ይቻላል። ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ሞክሩት።)

ወሎ ላይ ይህ ሙዚየም ቢኖር ሥራው ከባድ ነው፤ ስደቱ በሦስት በኩል ነውና።

መጀመሪያ የመጡት አሉ። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የአካባቢው ሰፊ ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ከዚያ ኦሮሞው መጥቶ ሰፈረ፤ ወሎ የሚለው ስምም ከእሱ ጎሳ የመጣ ነው። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የዋጉ አገው አለ። ሰው ዘሩን ቆጥሮ ሰባት ቤት ሳይደርስ ሼኩም ቄሱም ይገኛሉ። እዚህ ሙዚየሙ የሚያሳየው ካርታ ከስንተኛው ዓመት ይጀምር? ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ከጀመረ ግማሹ ሰው እንግዳ ይሆናል። ከ18ኛው ከጀመረ ሁሉም ባለቤት ነው። ዛሬ ባለንበት ፖለቲካ ይህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለቱንም ካርታ ጎን ለጎን ሰቅዬ ጎብኚው ራሱ ይጨነቅ እላለሁ።

ቀጥሎ የተወሰዱት አሉ። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ 600 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነው። ፈቅዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የተጫነም አለ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ጊዜ ነው። የዚያ ዘመን የወሎ ፎቶግራፍ በውጭ አገር መዝገብ ቤቶች ሞልቷል። ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም የተላከው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስለቅሷል። ግን በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ስም የለውም። ከመጠለያው በኋላ የት ደረሰ? መተከል ውስጥ ፓዌ ገብቶ መሬቱን እንዴት አለማመደው? እዚያ የተወለደ ልጁ "አገርህ የት ነው?" ሲባል ምን ይላል? የማንነት ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚበረታው። ወሎ ሲመለስ እንግዳ ነው፤ በተወለደበት ደግሞ "ሰፋሪ" ይባላል።

ሦስተኛው ዓረብ አገር ነው። የማያውቀው የለም። ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ የጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ የመን፣ ሳዑዲ። በኮንትራት የሄደችም አለች፣ በባሕር የሄደም አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ፣ በየከተማችን በፌስታል ልብስ ይዞ የገባ ወጣት ነበር። ያ ፌስታል ለሙዚየም ከጋሻ አያንስም። የሐዋላ ደረሰኙም፣ ጊዜው ያለፈበት ኢቃማም (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ደላላው የጻፈው የስልክ ቁጥርም እንዲሁ። ቤቱ በቆርቆሮ የተለወጠው በዚህ ገንዘብ መሆኑም ይታይ። ሰቆቃ ብቻ ካሳየን እንዋሻለን።

ዕቃውን ማግኘት ግን ቀላል አይሆንም። በማዳሟ ቤት የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ ያልነገረች ልጅ ለጎብኚ አትናገርም፣ እንድትናገርም መገፋት የለባትም። ስም መደበቅ፣ ፊት አለማሳየት፣ ሐሳቧን ከቀየረች መልሶ መስጠት በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ባሕር የወሰደው ሰው ደግሞ ዕቃ አልተወም፤ ቤተሰቡ እጅ ያለው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይሰጥም። ኮፒ ማንሳት ነው ያለው።

ተራ ዕቃ ለሙዚየም አይመጥንም የሚል ካለ፣ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ይይ። የሟቾች ልብስና ፎቶ ነው የሚናገረው።

ደሴ ውስጥ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረ ሙዚየም አለ። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። የጠፋው ቅርስ ይፈለግ፣ ይመለስ። ጎን ለጎን አንድ ክፍል ለስደት ቢሰጥ ግን፣ መጀመር ያለበት ከዓረብ አገር ተመላሾች ሳይሆን ከሠፈራው ይመስለኛል። የተመላሾቹ ቁስል ገና ትኩስ ነው፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው፣ ሊጠብቁ ይችላሉ። በ1977 የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ከሐይቅ ወይም ከወረኢሉ መኪና ላይ የወጣ ሰው ግን ዛሬ 70 አልፎታል። ፓዌ ድረስ መቅረጸ ድምፅ ይዞ መሄድ ደግሞ የመስታወት መደርደሪያ ከማሠራት ይረክሳል።