ሊኩዊድ ባዮፕሲ ምንድን ነው?

ሐኪም ካንሰር ሲጠረጥር አብዛኛውን ጊዜ ባዮፕሲ ያዛል። ከዕጢው ላይ ቅንጣት ሥጋ ተቆርጦ ወይም በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሊኩዊድ ባዮፕሲ ግን ዕጢውን አይነካም። ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ከክንድ የሚቀዳ ደም ነው።

ሴሎቻችን ሲሞቱ ዲኤንኤያቸው ይበጣጠስና ቁርጥራጩ ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ሰው ላይም ሁሌ ያለ ነገር ነው። የካንሰር ሴል ሲሞትም እንዲሁ ነው፤ የሱ ቁርጥራጭ ግን የዕጢውን የዘረመል ለውጥ ይዞ ይወጣል። ፈተናው ማነሱ ነው። ካንሰሩ ገና ጀማሪ ከሆነ፣ የዕጢው ዲኤንኤ ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በ1996 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ የዕጢ ዲኤንኤ እንደሚገኝ የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች ወጡ። ካነበቧቸው አንዱ የሆንግ ኮንጉ ሐኪም ዴኒስ ሎ ነበሩ። ያኔ ወደ አእምሯቸው የመጣው ጥያቄ እስካሁን ያስደንቀኛል። ዕጢ ዲኤንኤውን ደም ውስጥ ከጣለ፣ እናቱ ሆድ ውስጥ የሚያድግ ጽንስማ እንዴት አይጥልም?

መሞከሪያው ቀላል ነበር። ሴት ዋይ ክሮሞዞም የላትም። ስለዚህ ወንድ ልጅ ያረገዘች እናት ፕላዝማ (የደሟ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ዋይ ከተገኘ የመጣው ከጽንሱ ነው። ሎ ፕላዝማውን ያዘጋጁት አፍልተው ነው፤ ተማሪ ሳሉ ኑድል እንደሚቀቅሉት፣ 5 ደቂቃ ያህል። ከዚያ በፒሲአር፣ ኮቪድ ሁላችንንም ባስተዋወቀን ዘዴ፣ ሲፈልጉት ዋይ ተገኘ። ውጤቱ በ1997 ታተመ። ዛሬ በእናት ደም ዳውን ሲንድረምን ለመለየት የሚሠራው ምርመራ መነሻው ይኸው ነው።

ሎ ካንሰሩንም አልተዉትም። ደቡብ ቻይናና ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከአፍንጫ ጀርባ፣ የጉሮሮ ላይኛው ክፍል ላይ የሚነሳ ካንሰር ብዙ ሰው ይይዛል። ይህ ካንሰር እዚያ ኤፕስታይን ባር ከሚባል ቫይረስ ጋር የተቆራኘ ነው። አንድ የካንሰር ሴል የቫይረሱን ዲኤንኤ በብዙ ቅጂ ስለሚይዝ፣ ደም ውስጥ የሚታየው ምልክት ጎላ ይላል።

የሎ ቡድን ምንም ምልክት የሌላቸውን 20 ሺህ ያህል ወንዶች መረመረ። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት 309ኙ በድጋሚ ምርመራም ቫይረሱ ታየባቸው። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) እና በኤምአርአይ ሲጣራ 34ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። ከነዚህ 71 በመቶው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ገና ጅምሩ ላይ ነበሩ። ያለ ቅድመ ምርመራ በታወቀባቸው ታማሚዎች ዘንድ ይህ ቁጥር 20 በመቶ ነበር። ለኔ የዚህን ዘዴ ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ቁጥሩን ግን በሌላ በኩልም እንየው። ደማቸው «አለ» ካላቸው አብዛኞቹ ካንሰር አልተገኘባቸውም። ስለዚህ በደሙ ውጤት ብቻ ኬሞ አይጀመርም፤ ማጣራቱ ግድ ነው። ደግሞ አብዛኛው ካንሰር እንዲህ ያለ ቫይረስ የለውም። የጡትን ወይም የቆሽትን ካንሰር በጊዜ ለመያዝ ተመራማሪዎች በዲኤንኤው ላይ ያሉ ኬሚካላዊ ምልክቶችንና የቁርጥራጮቹን ርዝመት ጭምር ያነባሉ፤ ምክንያቱም እነዚህ ቁርጥራጩ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደመጣ ይጠቁማሉ።