ኮካ ኮላ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ

ኮካ ኮላ በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ የተፈጠረ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአገር ውስጥ ውሃ እየተዘጋጀ በጠርሙስ የሚታሸግ ለስላሳ መጠጥ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በአጭሩ «ኮካ» ይባላል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፋብሪካ የተተከለው በመዲናዋ ውስጥ፣ ከአብነት ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜው ግን ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሰበታ ነው። ይህ ዳሰሳ የመጠጡን አመጣጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መንገድና በተለይም የመስታወት ጠርሙሱ በመዲናዋ ዳርቻ የሚያደርገውን የደርሶ መልስ ጉዞ ይመለከታል።

መጠጡን እ.ኤ.አ. በ1886 የቀመመው የመድኃኒት ባለሙያው ጆን ስቲዝ ፔምበርተን ነው። ፔምበርተን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ወገን ተሰልፎ የቆሰለ፣ ለሕመሙ ማስታገሻ በወሰደው ሞርፊንም ሱስ የተያዘ ሰው ነበር። ከኮካ ኮላ አስቀድሞ ይሸጥ የነበረው ወይን ጠጅና የኮካ ቅጠል የተቀላቀሉበት መጠጥ ሲሆን፣ አትላንታ አልኮል መሸጥን ለመከልከል በወሰነች ጊዜ ወይኑን አውጥቶ በስኳር ሽሮፕ ተካው። ይህ ታሪክ ለአካባቢያችን ጠጪ ፈገግታ የሚያጭር ነው፤ ቀይ ወይንን በኮካ በርዞ መጠጣት እዚህ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ፔምበርተን ያወጣውን ወይን የሰበታና የአለም ገና ግሮሰሪዎች መልሰው ያስገቡታል። አዲሱ ሽሮፕ በሶዳ ውሃ እየተበጠበጠ በአንድ የአትላንታ ፋርማሲ ብርጭቆው በ5 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ስሙን ያወጣውና ጠምዘዝ ብሎ የሚወርደውን ጽሑፍ የጻፈው የፔምበርተን የሒሳብ ሠራተኛ ፍራንክ ሮቢንሰን ነው።

ስሙ ከሁለት ተክሎች የተገኘ ነው፦ ከደቡብ አሜሪካው የኮካ ቅጠልና ከኮላ ፍሬ። ኮላ የምዕራብ አፍሪካ ደን ዛፍ ስለሆነ፣ ዓለም አሜሪካዊ ብሎ የሚያውቀው ይህ መጠጥ ከስሙ ግማሹን ከአፍሪካ እንደወሰደ መዘንጋት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠጡ ከኮካ ቅጠል የመጣ ጥቂት ኮኬይን እንደነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው ይስማማሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ግን እንዲወገድ ተደርጓል።

ፔምበርተን እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሞት ሥራው ወደ ነጋዴው አሳ ካንድለር እጅ እየገባ ነበር፤ ካንድለርም በ1892 ኩባንያውን በሕግ አቋቋመ። ለኢትዮጵያው ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1899 የሆነው ነው። ከቻተኑጋ ከተማ የመጡ ሁለት ጠበቆች መጠጡን በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት በጠርሙስ የማሸግ መብት ጠየቁት። ካንድለር ለመጠጡ የሚሆነው ቦታ የፋርማሲው ባንኮኒ ነው ብሎ ያምን ስለነበር መብቱን በአንድ ዶላር ሰጣቸው፤ ያችን አንድ ዶላርም ቢሆን ሳይቀበላቸው ቀረ ይባላል። ሥራው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። ዋናው ኩባንያ ሚስጥራዊውን ቅመም ይሠራል፣ ይሸጣል፤ ውሃውን፣ ስኳሩን፣ ጋዙን፣ ጠርሙሱን፣ የጭነት መኪናውንና ሠራተኛውን የሚያቀርበው በየአገሩ ያለው አሻጊ ነው። በዚህ አሠራር ምክንያት የአዲስ አበባ ሰው የሚጠጣው ኮካ፣ ኮንሰንትሬት ከሚባለው ቅመም በስተቀር፣ ውሃው የአገሩ፣ ጉልበቱም የአገሩ ነው።

ጠርሙሱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አስመሳይ መጠጦች በበዙበት ጊዜ ኩባንያው በጨለማ በእጅ ሲዳሰስ፣ ወይም ተሰብሮ መሬት ላይ ተበትኖ እንኳ የሚለይ ጠርሙስ እንዲሠራለት የጠርሙስ ፋብሪካዎችን አወዳደረ። ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1915 ያሸነፈው በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ሩት የጠርሙስ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ሰዎች የኮካን ቅጠል ወይም የኮላን ፍሬ ሥዕል ሲፈልጉ ያገኙት የካካዎን ፍሬ ነበር፤ ወገቡ ላይ ሰፋ ብሎ ከላይ እስከ ታች በሸንተረር የተከፋፈለው ቅርጽም ከዚያ ተወሰደ። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በአለቃው በአሌክሳንደር ሳሙኤልሰን ስም ቢሆንም፣ ንድፉን በእጁ የሠራው ኧርል ዲን መሆኑ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል።

ከኮካ ጋር በአንድ ሳጥን የሚጓዘው ፋንታ የተወለደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ጀርመን ውስጥ ነው። የኮካ ኮላ ቅመም ወደ ጀርመን መግባቱ ሲቋረጥ፣ የዚያ አገር ቅርንጫፍ በእጁ ካገኘው ከፖም ጭማቂ ተረፈ ምርትና ከአይብ አጓት ሌላ መጠጥ ሠርቶ «ፋንታ» አለው። ስያሜው «ምናብ» የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው። በአማርኛ ፋንታ ማለት ድርሻ፣ ዕጣ ማለት ነውና፣ «የኔስ ፋንታ?» የሚለው የሕፃናት ጥያቄ በየድግሱ ሁለት ትርጉም ይዞ ይሰማል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ስለነበር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የኮካ ኮላ ማሸጊያ በአዲስ አበባ ሲከፈት አገሪቱ የራሷን ስኳር ታመርት ነበር። በ1965 ሁለተኛው ፋብሪካ በድሬዳዋ ተከፈተ፤ ሙቀቷም ሆነ የባቡር መስመሯ ለቀዝቃዛ መጠጥ ገበያ የተመቸ ነበር። በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1975) ደርግ ታላላቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ ሁለቱም ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ ወደ ግል የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ በሚል ስም በሚታወቀው አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የደቡብ አፍሪካው ሳብኮ ድርሻ ያዘ። ሳብኮ በ2016 ከሌሎች የአህጉሩ አሻጊዎች ጋር ሲዋሐድ፣ የኢትዮጵያው ሥራ ኮካ ኮላ ቤቨሬጅስ አፍሪካ በተባለው ኩባንያ ሥር ገባ። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ በባሕር ዳርም ፋብሪካ አለ።

መጠጡ በከተማዋ ላይ ስሙን ተክሏል። «ኮካ ማዞሪያ» የሚለውን ስም የታክሲ ረዳት ሲጣራ መንገደኛው የሚያስበው መውረጃውን እንጂ መጠጡን አይደለም። ተፎካካሪው ፔፕሲም በንፋስ ስልክ በኩል ያለውን ሠፈር በስሙ አስጠርቷል፤ ፔፕሲን፣ ሚሪንዳንና ሰቨን አፕን የሚያሽገው ሞሃ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይወደዳል የሚለው ክርክር በየቤቱ ያለ ነው፤ ኮካ በልጦ እንደሚገኝ ግን በዚህ በጅማ መንገድ መስመር የሚኖር ሰው ብዙም አይጠራጠርም።

የኢትዮጵያው ጠርሙስ ከሌላው አገር የሚለየው በጽሑፉ ነው። የሮቢንሰን እጅ የጠመዘዘው ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል «ኮካ ኮላ» ተብሎ፣ የፊደሎቹ እግርና ጅራት እንደ ላቲኑ እንዲፈስስ ተደርጎ ተቀርጿል። በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል የሚፈጀው ስም በእኛ በአራት ያልቃል፤ ያም ሆኖ ማንበብ የማይችል እንግዳ እንኳ ገና ከሩቅ ሲያየው የምን ጽሑፍ እንደሆነ ያውቀዋል። የውጭ አገር ጎብኚዎች ባዶውን ጠርሙስ ለማስታወሻ ይዘው ለመሄድ የሚለምኑት፣ ባለ ሱቆቹም ማስያዣውን ሳይቀበሉ የማይለቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰበታ ለመጠጥ ሥራ አዲስ አይደለችም። ሜታ አቦ የቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ መለያ ሲሆን፣ በ2012 የእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። ከተማዋ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ፣ በጌቴሴማኒ ገዳሟና በዓሣ ምርምር ማዕከሏም ትታወቃለች። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዳማ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚያበቃውም ሰበታ ላይ ነው፤ የድሮዋ የኮካ ከተማ ድሬዳዋና አዲሷ ሰበታ በአንድ ሐዲድ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው። የኮካ ኮላ ፋብሪካ እዚህ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈስሶበታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሰበታ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከፉሪ ጋር ተጠቃልላ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች፤ ነዋሪው ግን ዛሬም «የሰበታው ኮካ» ማለቱን አልተወም።

በመስታወት ጠርሙስ የሚሠራ ፋብሪካ ግማሽ ሥራው እጥበት ነው። ከገበያ የተመለሰው ጠርሙስ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ያልፋል፣ ይለቀለቃል፣ የተሸረፈውና የተሰነጠቀው ተመርጦ ይወጣል፤ ከዚያ ሽሮፕ፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተዋሐዱበት መጠጥ ቀዝቅዞ ይሞላበትና ወዲያው ቆርኪው ይመታል። ባዶ ጠርሙስ ካልተመለሰ ሙሉ ጠርሙስ አይወጣም። የኮንሰንትሬቱ ግዢ የውጭ ምንዛሪ ስለሚፈልግ፣ የዶላር እጥረት በበረታ ቁጥር ለስላሳ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲያሻቅብ የአዲስ አበባ ሰው በተደጋጋሚ አይቷል። በለስላሳ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስም ለዋጋው የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ጉዞው በቅርብ የሚታየው አከፋፋይ ቤት በር ላይ ነው። በአለም ገና አንድ ቅዳሜ ጧት አይሱዙ ቆሞ ቀያይ ሳጥኖች ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። ባለ ሱቋ ከሚመለሰው ባዶ ሳጥን ላይ እጇን እያሳለፈች የየጠርሙሱን አፍ በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። የተሸረፈ ስታገኝ አውጥታ ለብቻ ታቆማለች፣ ጫኙም «እሱማ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር» ብሎ ይሟገታል። አንድ ጠርሙስ የጎደለበት ሳጥን ማስያዣው ይቆረጥበታል። ከሱቅ ወደ ቤት ያለው ሥርዓትም ያው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ የሚላክ ልጅ በአንድ እጁ ብሩን፣ በሌላው ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ካልሄደ «ባዶውስ?» ተብሎ ይመለሳል።

አቀራረቡም የራሱ ወግ አለው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን እንደታሸገ አምጥቶ በጠጪው ፊት ይከፍተዋል፤ ቆርኪውን ግን አይጥለውም፣ ዝንብ እንዳይገባ መልሶ ጠርሙሱ አፍ ላይ ያኖረዋል። በሠርግ፣ በክርስትናና በተዝካር ድንኳን ውስጥ ለስላሳው በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቀዘቅዛል። ጠላና ጠጅ የማይቀምስ ሙስሊም፣ ጴንጤ፣ ሹፌርና ሕፃን ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ሲሆን፣ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ስለሌለበትም በጾም ወራት ከማዕድ አይወጣም። የተጣለው ቆርኪ በልጆች እጅ ተጠፍጥፎ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ፣ ክር ገብቶበት እየተጠመዘዘ የሚጮህ መጫወቻ ይሆናል።

ዛሬ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ከመስታወቱ ጎን ቆሟል። በረጅም ርቀት መንገደኛ፣ በትምህርት ቤት ጉዞና በሱፐርማርኬት የሚፈለገው እሱ ነው፤ ባዶ ይዞ መሄድን አይጠይቅም፣ አይሰበርም። የታሸገ ውሃ ጠርሙስን ሁሉ «ሃይላንድ» ብሎ የለመደው ነዋሪም ባዶውን አይጥለውም፤ ዘይት፣ ማርና ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል፣ ከተረፈም ለቁራሌው ይሸጣል። የመስታወቱ ዋጋ ግን ከፕላስቲኩ ስለሚረክስ፣ በየመንደሩ ሱቅና በየድንኳኑ ቀዩ ሳጥን አልተነቃነቀም። በሰበታ መንገድ ላይ ጧት ሙሉ ሳጥን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ያለፈው መኪና፣ ማታ ባዶዎቹ እየተንኳኩ ሲመለስ ከሩቅ ይሰማል።