ፒችትሪ ሲያስቸግር ማንን እንጠይቅ? ጅማ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ማብቂያ ላይ ጅማ ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ስልኩ አያርፍም። ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴው ይደውላል። ከፈረንጅ አራዳ የፋርማሲዋ ባለቤት ትደውላለች። ቡና አቅራቢው ደግሞ በአካል ይመጣል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ፒችትሪው ወሩን አልዘጋም አለኝ»፣ «ባንኩ አልገጥም አለ»፣ «ስቶኩ ኔጌቲቭ ሆነብኝ» (የዕቃው ቀሪ መዝገቡ ላይ ከዜሮ በታች ወረደ ማለት ነው)።

ፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር ነው፤ የሠሩት ሰዎች ባህር ማዶ ናቸው። ስለዚህ ተጠቃሚው ተጠቃሚውን ይጠይቃል። እኔ ይህን ልማድ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሱቅና ብዙ ወርክሾፕ መዝገቡን አስተካክሎ የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ግን በዙሪያው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። ሰው እንዳይጠይቅ ያደርጋሉ፣ ወይም ጠይቆ እንዲጎዳ።

«የተጠቃሚ እርዳታ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ያለው አምራቹ ጋ ነው»

ለአንዳንድ ነገር እውነት ነው። ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈት ካለ፣ የአምራቹ መመሪያ ይሻላል። የእኛ ዋና ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም።

ዘመኑን እንውሰድ። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ሐምሌ 1 ለእሱ ጁላይ 8 ነው፤ ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7። አዲስ ድርጅት ሲከፈት የሒሳብ ወቅቶቹ ከፈረንጅ ወር ጋር እንደማይገጥሙ መምረጥ፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ወር መነሻና መድረሻ ቀን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ጳጉሜን ብዙዎች ከነሐሴ ጋር አብረው ይዘጋሉ። ይህን የአሜሪካ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ይህን የሚያውቀው ከእናንተ በፊት ድርጅት የከፈተ የሠፈራችሁ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል። ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ወሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። በ2015 ጳጉሜ 6 ነበረች፤ ቀጥሎ በ2019 ትመጣለች። ስለዚህ የጓደኛችሁን የ2018 ወቅቶች እንዳለ ገልብጣችሁ ለ2020 ብትጠቀሙ፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ወደሚቀጥለው ወር ይገባል። የቫት ሪፖርቱና መዝገቡም በአንድ ቀን ሽያጭ ይለያያሉ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ልዩነቱን ሲፈልግ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ሌላው ፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ገበሬውና አቅራቢው የሚስማሙት በፈረሱላ፣ መጋዘኑ የሚመዝነው በኪሎ። ለስሌት እንዲመች አንዱ ፈረሱላ በ5,100 ብር ተገዛ እንበል። ኪሎው 300 ብር መጣ ማለት ነው። 40 ፈረሱላ ሲገዛ 680 ኪሎ ገባ መባል አለበት። ግዢውን «40» ብሎ፣ ሽያጩን በኪሎ የሚመዘግብ ሰው ግን ስቶኩ ወዲያው ኔጌቲቭ ይሆንበታል። ትርፉም ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ መለኪያ ምረጡ፣ ኪሎን፤ የፈረሱላውን ቁጥር ማስታወሻው ላይ ጻፉ። ይህን ምክር የሚሰጣችሁ ቡና ውስጥ የሠራ ሰው ነው።

«እሷ የምትሠራው በሴጅ ነው፤ እኔ ፒችትሪ ነው ያለኝ፤ አትረዳኝም»

ትረዳችኋለች። ሴጅ 50 የሚባለው ራሱ ፒችትሪ ነው፤ ከ2013 የፈረንጆች እትም ጀምሮ ስሙ ተቀየረ። መስኮቶቹ፣ የቻርት ኦፍ አካውንት (የሒሳብ መደቦች ዝርዝር) አሠራሩ፣ የኢንቮይስና የሪሲት አካሄዱ በጣም ይመሳሰላሉ። የሚለየው ነገር ሌላ ነው። በአዲሱ እትም የተከፈተ ዳታ ይቀየራል፤ ከዚያ በአሮጌው አይከፈትም። ስለዚህ ምክር ተቀበሉ፣ ዳታ ግን አታለዋውጡ። ኩዊክቡክስ በሚባለው ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ሰውም ቢሆን የት እንደሚጫን ላያውቅ ይችላል እንጂ ዴቢትና ክሬዲቱን ያውቃል።

«እንዲረዱኝ ፋይሉን መላክ አለብኝ»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። አንድ ሰው «ባክአፑን (የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ) በቴሌግራም ላክልኝና ላየው» ይላል። ነጋዴው ይልካል። በዚያ አንድ ፋይል ውስጥ ምን ምን አለ? የደንበኞች ስምና ዕዳ፣ ከማን በስንት እንደሚገዛ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ እንቅስቃሴ። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ነጋዴው ይተዋወቃል። ዛሬ የረዳህ ልጅ ነገ ለተፎካካሪህ ሊሠራ ይችላል። ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ ፋይሉ የተረሳበት ላፕቶፕ መሰረቁ ይበቃል።

አብዛኛው ጥያቄ ፋይሉን አይፈልግም። ፒችትሪ ሲጫን ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የሚባል የልምምድ ድርጅት አብሮ ይመጣል። ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕም የራሱ የልምምድ ድርጅቶች አሉት። ችግሩን እዚያ ውስጥ በውሸት ቁጥር ድገሙት። እዚያም ከመጣ ስክሪኑን አንሱና ላኩ። እዚያ ካልመጣ ደግሞ ችግሩ ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን የእናንተ ዳታ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ዳታው የግድ መታየት ካለበት ረዳቱ ይምጣ፣ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ፣ መዳፊቱን እናንተ ያዙ። ከመነካቱ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ ፍላሹም ከእናንተ ጋር ይቅር። «ጋሼ፣ ፋይሉን አይላኩልኝ፤ እኔው እመጣለሁ» የሚል ልጅ ካገኛችሁ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ትክክል ነው»

ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ። አንዱ የሶፍትዌር ነው፦ የት ልጫን፣ ሪፖርቱ ለምን ባዶ ሆነ። እዚህ ላይ ተጠቃሚ ጎበዝ ነው፤ ሞክራችሁም ወዲያው ታረጋግጣላችሁ። ሌላው የሕግና የሒሳብ አያያዝ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አስር ሰው ቢስማማ ምንም አያረጋግጥም፤ አስሩም የሰሙት ከአንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቁም ሳጥን ቫትን ጨምሮ በ11,500 ብር ሸጠ እንበል። «ቫቱ ስንት ነው?» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው 15 በመቶ ያባዛና 1,725 ብር ይላል። ስህተት ነው። ዋጋው ውስጥ ቫቱ አለበት። ስለዚህ ለ115 ተካፍሎ በ15 ይባዛል፤ 1,500 ብር ይመጣል። ሶፍትዌሩ የገባለትን ቁጥር ስለሚቀበል አያስጠነቅቅም። በአንድ ቁም ሳጥን 225 ብር ማለት በዓመት ብዙ ነው።

የቆየ መልስም እንዲሁ ያታልላል። የደመወዝ ግብር ፎርሙላ ከጓደኛው የተቀበለ ሰው ብዙ ነው። ፎርሙላው ግን ከ600 ብር በላይ ያለውን መቁረጥ የሚጀምር ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ቫቱም ቢሆን ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው፤ የድሮው 285/1994 ተሽሯል። ስለዚህ ግብር ነክ መልስ ስትቀበሉ «በየትኛው አዋጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ወደ ግብር ቢሯችሁ ወይም ፈቃድ ወዳለው የሒሳብ ባለሙያ ሂዱ። ይህን መጠየቅ ንቀት አይደለም፤ ጥሩ ረዳት ራሱ ደስ ይለዋል።

«ስህተቱን ዲሊት አድርገው፤ ልዩነቱን ደግሞ በጀነራል ጆርናል ሙላው»

በቅን ልቦና የሚሰጥ መጥፎ ምክር ነው። ጀነራል ጆርናል ማለት ማስተካከያ ምዝገባ በእጅ የሚገባበት መስኮት ነው። የተሸጠበት ደረሰኝ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወጥቷል፤ ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት ላይ ገብቷል። ከፒችትሪ ብታጠፉት ማሽኑና መዝገቡ ይጣላሉ። ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። ስህተት በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል፤ ምክንያቱ ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያውም የኋለኛውም ይታያል።

ልዩነቱን መሙላት ከዚህ ይብሳል። የባንኩ ሒሳብ መግለጫና መዝገቡ በ900 ብር አልገጥም ሲሉ 900 ብር «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ መጻፍ ችግሩን ይቀብረዋል እንጂ አይፈታውም። መጀመሪያ ልዩነቱ ለ9 እኩል ይካፈል እንደሆነ እዩ። ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ቦታ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል፤ 5,400 ተብሎ መግባት ያለበት 4,500 ተብሎ። ካልተካፈለ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ሳይመዘገብ ቀርቶ እንደሆነ፣ ቀጥሎም ያልተመነዘረ ቼክ እንዳለ ፈልጉ። አዲስ ድርጅት ላይ ከሆነ ቢጊኒንግ ባላንስ ኢኩዊቲ (Beg Bal Equity) የሚለውን አካውንት ክፈቱ። መነሻ ባላንሱ ሲገባ ያልተመጣጠነው ሁሉ እዚያ ይከማቻል።

«ጓደኛ ክራክ ጭኖልኝ የለ፤ እሱም እርዳታ ነው»

አይደለም። ክራክ ማለት ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫን ቅጂ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም የድርጅታችሁን ገንዘብ ምስጢር እየያዘ ነው። ሲበላሽ አምራቹን መጠየቅ አትችሉም። ዋጋው ከከበደ ግኑካሽ የሚባል ሕጋዊና ነፃ ሶፍትዌር አለ። ድርብ ምዝገባን (እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዴቢትም በክሬዲትም መመዝገብን) ያከብራል፤ ለቤት ወጪና ለትንሽ ሱቅ ይበቃል።

«ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ ይሰለቹብኛል»

ሰው የሚሰለቸው ትንሽ ጥያቄ ሲመጣበት አይደለም፤ ያልተብራራ ጥያቄ ሲመጣበት ነው። «ፒችትሪ አልሠራም አለኝ፣ እባካችሁ» ቢባል ማንም ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ጠይቁ፤ ጅማ ላይ ሁለቱም ያስኬዳል። የስህተት መልእክቱን ግን አትተርጉሙት፣ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ላኩት። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን መልስ ቶሎ ይገኛል፦

«ሴጅ 50 የ2019 እትም ነው። የሐምሌን ወር ጨርሼ ወደ ነሐሴ ልለፍ ስል ፎቶው ላይ ያለው መልእክት ይመጣል። ሁሉም ሌላ ሰው ወጥቷል፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ባክአፕ ወስጃለሁ። ቤልዌዘር ላይ ሞክሬው ይሠራል። ከእኔ ዳታ ውስጥ ምን ልይ?»

እትሙ አለ፤ የተደረገው አለ፤ የተሞከረው አለ። መልሱ ሲገኝ ምን እንደፈታው በሁለት መስመር ለረዳችሁ ሰው መልሳችሁ ጻፉለት። ነሐሴ ላይ ያው መልእክት አጋሮ ወይም ሊሙ ያለ ሌላ ሰው ስክሪን ላይ ይመጣል፤ እሱም የሚደውለው ለዚያው ሰው ነው።