«ሰው ገድሎ በገደብ ወጣ»፦ በአሽከርካሪዎች ቅጣት ላይ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በመኪና አደጋ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ከችሎት ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ፍትሕ የለም» ይላል። ሐዘኑ እውነት ነው። የቅጣቱ ማነስ ምክንያት ግን በአብዛኛው ከዳኛው ወንበር ርቆ፣ ገና በክሱና በማስረጃው ላይ የተፈጠረ ነው።

«ሰው እስከሞተ ድረስ ቅጣቱ እኩል መሆን አለበት»

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚያስቀጣው በአንቀጽ 543 ነው። እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በንዑስ አንቀጽ 2 ሲጠየቅ፣ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ አሽከርካሪው ግልጽ ደንብ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት የማይሰማው ካደረገ ግን ንዑስ አንቀጽ 3 ይመጣል፦ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። (መቀጮው ዛሬ ባለው የብር አቅም ከስም አያልፍም፤ በዚህ በኩል ቅሬታው ትክክል ነው።)

እንግዲህ ሁለት አሽከርካሪዎች አንድ አንድ ሰው ገድለው አንዱ 2 ዓመት፣ ሌላው 7 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የተረጋገጠው ጥፋት ነው። ማስረጃው ደግሞ በፍጥነት ይጠፋል፦ የአደጋው ፕላን ሳይነሳ መኪናው ይንቀሳቀሳል፣ የጎማው ጭረት ሳይለካ ይቀራል፣ የትንፋሽ ምርመራው ሲዘገይ አልኮሉ ከደም ይወጣል፣ ያየው ሰው ስሙን ሳይሰጥ ይሄዳል። ደንብ መጣሱ ካልተረጋገጠ ዳኛው ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 የሚሻገርበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቤተሰብ ምስክርና ፎቶ ካገኘ ለመርማሪው ማድረስ ያለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በፍርዱ ቀን መቆጣት ረፍዷል።

«ሰክሮ የገደለ ሆን ብሎ ነው የገደለው»

ሰክሮ መንዳት ቅጣቱን ያከብዳል፤ ብቻውን ግን ሆን ብሎ መግደል (በሕጉ አጠራር «አሳብ») አይሆንም። አንቀጽ 58 ሰውየው ሞት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ ውጤቱ ቢደርስም ይድረስ ብሎ ማድረጉን ይጠይቃል። ያንን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው።

«ዳኛው እንደፈለገ ይቆርጣል»

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አለ። መጀመሪያ መነሻ ቅጣት ይያዛል፤ ከዚያ ማክበጃና ማቅለያ ምክንያቶች እየተቆጠሩ በእርከን ይወጣል ይወረዳል። ከመመሪያው የሚወጣ ዳኛ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። «መልካም ጠባይ»፣ ጥፋትን ማመን፣ የተጎዳውን መርዳትና ካሳ መክፈል በአንቀጽ 82 የታወቁ ማቅለያዎች ናቸው። ለሐዘንተኛ ይህ መራራ ነው፤ ግን ቆሞ ሐኪም ቤት ያደረሰውን ጥሎ ከሸሸው መለየት ነገም በመንገድ ላይ ለሚወድቅ ሰው ሕይወት ነው።

«ቤተሰብ ከታረቀ ክሱ ይዘጋል»

አይዘጋም። በቸልተኝነት መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም። እርቁ የሚያገለግለው ለማቅለያነት ነው። የሽምግልና ወረቀት ከመፈረም በፊት «ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ሐረግ አለበት ወይ የሚለውን ማየት ያስፈልጋል።

«በገደብ የተለቀቀ ነጻ ወጣ»

ጥፋተኛ ተብሏል፤ ቅጣቱም ተወስኗል፤ የተገደበው አፈጻጸሙ ነው። በገደቡ ዘመን ሌላ ወንጀል ቢፈጽም ወይም የተሰጠውን ግዴታ ቢያፈርስ የታገደው ቅጣት ሊፈጸምበት ይችላል። አመክሮ ሌላ ነገር ነው፦ ታስሮ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ።

«ቅጣቱ ካነሰ ምንም ማድረግ አይቻልም»

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ዝርዝር ማመልከቻው የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቤተሰብ ወደ ዐቃቤ ሕጉ መሄድ ያለበት በዚያው ሳምንት ነው።

«አሽከርካሪው በነጻ ከተለቀቀ ካሳም ቀረ»

ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የካሳውን ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት የነጻ ውሳኔ አይታሰርም። በአንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪናው ባለቤት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ክሱ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ካለው እሱ ይሠራል፤ ይህን ተማምኖ መቆየት ግን አይመከርም።