የወታደራዊ ፓራሹተኛ ምልክቶችን መለየትና ዘመናቸውን መወሰን

የፓራሹተኛ ብቃት ምልክት አንድ ወታደር የታዘዘለትን የዝላይ ሥልጠና ማጠናቀቁን የሚመሰክር፣ ከብረት የተሠራ ወይም በጨርቅ ላይ የተጠለፈ መለያ ነው። አብዛኞቹ የተዘረጋ ፓራሹትና ክንፍ ስለሚታይባቸው «ክንፍ» እየተባሉም ይጠራሉ። ምልክቱ እንደ ጀግንነት ሜዳይ ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ሥልጠናውን ያለፈ ሁሉ የሚያገኘው በመሆኑ፣ አንድ ንድፍ በብዙ አምራቾች እጅ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት ይኖራል። ስለዚህ «የየትኛው ጦር ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከፊት ገጽ ሲመለስ፣ «መቼ ተሠራ?» የሚለው ግን ምልክቱን ገልብጦ ማየትን ይጠይቃል።

የሥራው መሠረት ቀላል ነው፤ አንድ ምልክት በላዩ ካለው ከሁሉም አዲስ ከሆነው ነገር ሊቀድም አይችልም። ንድፉ የጸደቀበት ቀን የመጀመሪያውን ወሰን ይሰጣል፤ የብረቱ ዓይነት፣ ማያያዣውና የአምራቹ ማኅተም ደግሞ ወሰኑን ያጠብቡታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዘዴ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ምልክት ጥሩ ማሳያ ነው። ንድፉን የሠራው በወቅቱ ሻምበል የነበረው ዊልያም ያርቦሮ ሲሆን፣ በመጋቢት 1941 ጸድቆ የመጀመሪያዎቹ በፊላደልፊያ በሚገኘው ቤይሊ፣ ባንክስ ኤንድ ቢድል በተባለ ድርጅት ተመረቱ። መሠረታዊው ምልክት አምስት ዝላይ ላጠናቀቀ ወታደር የሚሰጥ ነው። ሠላሳ ዝላይ የሚጠይቀው የከፍተኛ ፓራሹተኛ ደረጃና ስድሳ አምስት የሚጠይቀው የዋና ፓራሹተኛ ደረጃ የተጨመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከፓራሹቱ አናት ላይ ኮከብ፣ ወይም በጉንጉን የተከበበ ኮከብ ያለበት ክንፍ «በኖርማንዲ የተዘለለበት» (በ1944 በፈረንሳይ ጠረፍ በተደረገው ወረራ ማለት ነው) እየተባለ ሲቀርብ፣ የብሩን ጥራት እንኳ መመርመር ሳያስፈልግ ነገሩ ያበቃል። ይህን ኮከብ ግን በክንፉ ወይም በፓራሹቱ ገመዶች ላይ ከሚጣበቁት ትንንሽ የውጊያ ዝላይ ኮከቦች ጋር ማምታታት አይገባም፤ እነዚህን በጦርነቱ ዘመን ወታደሮች በራሳቸው ልማድ ያደርጓቸው የነበረ ሲሆን፣ በይፋ የተፈቀዱት በ1983 ነው።

በዚሁ ምልክት ጀርባ ላይ የሚገኘው «ስተርሊንግ» የሚለው ጽሑፍ 92.5 በመቶ ብር መሆኑን ይናገራል እንጂ ዘመኑን አይናገርም፤ የብር ክንፎች ከጦርነቱ በኋላም ሲመረቱ ቆይተዋልና። ረጅም መርፌ ያለው ማያያዣ የቆየ ሲሆን፣ ሁለት አጫጭር ሹል ዘንጎችና በላያቸው የሚጫኑ ትንንሽ ቆቦች ያሉት ዓይነት በኋላ እየተስፋፋ መጣ። ሆኖም ሁለቱ ጎን ለጎን የተሠሩበት ጊዜ ስላለ፣ ማያያዣው ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም።

በጀርመን ምልክቶች ላይ ደግሞ ብረቱ ራሱ ይናገራል። የአየር ኃይሉ ፓራሹተኛ ምልክት በኅዳር 1936 የተቋቋመ ሲሆን፣ በቅጠል ጉንጉን ውስጥ ቁልቁል የሚወረወር ወርቃማ ንስር ያሳያል፤ ንስሩ ለብቻው ተሠርቶ በጉንጉኑ ላይ በጥፍጥፍ ምስማር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥራት ባለው የመዳብ ቅይጥና በአሉሚኒየም ተሠርተው ነበር፤ ጦርነቱ እየተራዘመ ጥሬ ዕቃ ሲያጥር ግን ዚንክ ቦታቸውን ያዘ። ዚንክ ቅቡን ቶሎ ስለሚለቅ፣ ዛሬ ግራጫና ደብዛዛ ሆኖ የሚታይ ንስር ከሚያብረቀርቀው ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። ስዋስቲካ የሌለበት ቅጂ ደግሞ የዚያን ዘመን ሽልማቶች ያለ ናዚ ምልክት ማድረግን የፈቀደው የ1957ቱ የምዕራብ ጀርመን ሕግ ውጤት ነው። ሐሰተኛ ሳይሆን የኋላ ዘመን ሥራ ነው፤ ሻጮች ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አይናገሩም።

የፖላንዱ ምልክትም ቁልቁል የሚወረወር ንስር ነው። የፖላንድ የስደት መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትርና የጦሩ ዋና አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሲኮርስኪ በሰኔ 1941፣ የፖላንድ ፓራሹተኞች በብሪታንያ ይሠለጥኑ በነበረበት ጊዜ፣ አጸደቀው። ጀርባው ላይ «ለአንቺ፣ አገሬ» የሚል ትርጉም ያለው የፖላንድኛ ጽሑፍና የባለቤቱ ተራ ቁጥር ይገኛል፤ በጥፍሮቹ የወርቅ ጉንጉን የያዘው ንስር በውጊያ ለዘለሉ የተሰጠ ነው። ቁጥር ሰብሳቢውን ወደ አንድ የተወሰነ ሰው ሊመራው ስለሚችል፣ ከሌላው ማስረጃ ሁሉ የላቀ ነው። የዚያኑ ያህል አስመሳዮች አዲስ ንስር ላይ ቁጥር መቅረጽን የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነውና፣ የቁጥሩ ጭረት ከዙሪያው ብረት እኩል ማርጀቱን በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል።

ብሪታንያ ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ የተጠቀመችው በቀኝ እጅጌ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ክንፍ ነው። ለጨርቅ ምልክት የአልትራቫዮሌት መብራት የተለመደ መመርመሪያ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፉት ማንጫ ኬሚካሎች ያሉበት ክር በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ነገር ግን በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ስለሚያበራ፣ ብርሃኑ በክሩ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ በመላው ጨርቅ ተሰራጭቷል የሚለውን መለየት ይገባል።

አንዳንድ አገሮች የባለቤቱን አገልግሎት በቀለም ይገልጻሉ። በእስራኤል ከክንፉ ሥር ያለው ቀይ መደብ በሲና በረሃ ሚትላ በተባለው መተላለፊያ አጠገብ እንደተደረገው የ1956ቱ ዝላይ ያለ የውጊያ ዝላይን ያመለክታል። በካናዳ ነጭ የሜፕል ቅጠል በዘላይ ክፍል ውስጥ ላገለገለ፣ ቀዩ ደግሞ ሥልጠናውን ብቻ ለጨረሰ ነው። እንዲህ ያለ መደብ በቀላሉ ስለሚቀየር፣ ዋጋውን የሚያንረው ቀለም ከሁሉ በፊት መጠርጠር አለበት።

ሐሰተኛ የብረት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው በአሠራሩ ነው። ዋናዎቹ ምልክቶች በአብዛኛው በብረት ቅርጽ ተመትተው ስለሚሠሩ የላባውና የገመዱ መስመር ስል ነው፤ ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ግን ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በጥቂቱ ያንሳል፣ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ገጹም የአረፋ ቀዳዳዎች ይታዩበታል። ስለዚህ ትክክለኛነቱ የታወቀ ምልክት በካሊፐር (ትንንሽ ዕቃዎችን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለክቶና መዝኖ ልኩን መመዝገብ፣ አጠራጣሪ ናሙና ሲገኝ ከብዙ ፎቶግራፍ የበለጠ ይጠቅማል። በመጨረሻ የሚታየው የማያያዣው ብየዳ ነው፤ ዙሪያው ከቀሪው ጀርባ ይልቅ የነጣ ወይም የተፋቀ ከሆነ መርፌው በኋላ የተተካ ሊሆን ይችላልና፣ ምልክቱ ራሱ እውነተኛ ቢሆንም በመርፌው ዓይነት ዘመኑን መወሰን አይቻልም።